የልክ መቁረጫ ሰዓት

በ2074 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ኮምቦልቻ ማዶ ሰፈር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ የስድስተኛ «ለ» ክፍል ጠባቂ ጦይባ ይመር እንደ ወትሮዋ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ከፍታ ሠላሳ ስድስት ታብሌቶች በለስላሳ ጨርቅ ስትወለውል ቆየች። መስታወቱ ላይ የጣት ቅባት ካለ ዓይን በደንብ አይለካም። ሁለት ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ገቡ። ስም መጥራት የለም፤ «አቤት» ማለትም የለም። እያንዳንዱ ልጅ ተቀምጦ ታብሌቱን ወደ ፊቱ ያቀርብና ዓይኑን ሳያርገበግብ በልቡ እስከ ሦስት ይቆጥራል። ገጹ ከተከፈተለት መጥቷል፣ ካልተከፈተለት አልመጣም። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ቀስ እያለ ወጣ፤ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ስድስት ልጅ ዓይኑን ገጹ ላይ ተክሏል ማለት ነው። የጦይባ ሥራ ይህ ቁጥር እንዳይወርድ መጠበቅ ነበር።

የተቀጠረችውስ ለማስተማር ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አማርኛ ስታስተምር ድምፅዋ ሦስት ክፍል አልፎ ስለሚሰማ የሒሳቡ መምህር «ኧረ በፈጠረሽ፣ የኔ ልጆች ግጥም መደመር ጀመሩ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ዲጂታል ቤተ መጻሕፍቱ ከገባ ወዲህ ግን፣ ይኸው ስምንት ዓመቱ፣ ክፍል ውስጥ አፏን ከፍታ አታውቅም። የመምህር ቃል ልክ ያበላሻል ተብሏል። ልጁ የገባው ከገጹ ይሁን ከመምህሯ አይታወቅማ! ስለዚህ ታብሌት ትወለውላለች፣ ያንቀላፋውን ትነቀንቃለች፣ በየሃያ ደቂቃው የዓይን ዕረፍት ሲታወጅ መስኮት ትከፍታለች። ልጆቹ ዛሬም «ቲቸር» ይሏታል። ምን አስተማረቻችሁ ቢባሉ ግን መልስ የላቸውም።

ሠላሳ ስድስቱ ልጆች የሚያነቡት ሠላሳ ስድስት የተለያየ ነገር ነው። ስለ አዋሽ ወንዝ ይማሩ በተባለበት ቀን፣ አንዷ ካርታም ክርክርም ያለበት አሥራ ሁለት ገጽ ይመጣላታል፤ አጠገቧ ላለው ልጅ ደግሞ «አዋሽ ወንዝ ነው። ውኃ አለው።» ይለዋል፣ ከሥዕል ጋር። ቤተ መጻሕፍቱ ዓይንን አይቶ ነው የሚያድለው፤ የት እንደቆመ፣ የት እንደዘለለ፣ ስንት ጊዜ ከገጹ እንደተነሳ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ልክ ይሰጠዋል፤ ትንሹ አንድ፣ ትልቁ ሰባት። እስከ ስድስተኛ ክፍል መጨረሻ ልክ ሲወጣ ሲወርድ ይከርማል። በሰኔ፣ ልክ መቁረጫ በሚባለው ቀን፣ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሚያነበው ሁሉ፣ ዜናው፣ ውሉ፣ የሐኪሙ ትእዛዝ፣ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ፣ በተቆረጠለት ተሰፍሮ ይመጣለታል። ወረቀት የሚባለው ነገር ከቀረ ቆይቷል፤ ከሌላ ቦታ ፈልጌ ላንብብ ማለትም የለም።

መቁረጫው ሐሙስ ሊሆን፣ ሰኞ ዕለት የየልጁ ግምት ለወላጆች ደረሰ። ጦይባ መልእክቱን የከፈተችው በምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ነው። «ነጃት ሙሄ፤ የተገመተ ልክ፦ ሁለት» ይላል። የተሳሳተ መስሏት ዘግታ ከፈተችው። ሁለት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተችው፤ ያው ነው። ነጃት የገዛ ልጇ ናት፤ ጠባቂ ጠፍቶ በእናቷ ክፍል እንድትማር የተፈቀደላት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ማታ ማታ እናቷ ከራት በፊት ስታነብላት ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቀድማ የምትጨርሰው። በዚያ ክፍል እሷን የሚያህል አንባቢ እንደሌለ ጦይባ አሳምራ ታውቃለች።

ፈራች። ልክ ሁለት ምን እንደሆነ የምታውቀው ከወሬ አልነበረም። ባሏ ሙሄ ልክ ሁለት ነው። አዋቂዎች የተለኩት በአንድ ቅዳሜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈው ነበር፤ ሙሄ ደግሞ ሌሊቱን ደረቅ ወደብ ሲሠራ አድሮ መጥቶ፣ ወረፋው ሲደርሰው ዓይኑ እየተከደነ አስቸገረው። ይኸው ነው ጥፋቱ። አምና እናቱ ሆስፒታል ሲገቡ ለባልና ሚስቱ አንድ ደብዳቤ ተላከላቸው። ለሙሄ የደረሰው «እናትዎ ነገ ሕክምና ያገኛሉ። ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው። ይስማማሉ?» ይላል። ተስማማ። ጦይባ ከሥራ ወጥታ የራሷን ስትከፍት ስምንት ገጽ ነው፤ አምስተኛው ገጽ ላይ፣ በዚህ ቀዶ ጥገና ከአሥር ሰው አራቱ እንደማይነሳ፣ ሳይቀደዱ በመድኃኒት ብቻ መቆየትም እንደሚቻል ተጽፏል። እየሮጠች ሄደች። አሮጊቷ ገብተው ነበር፤ አልወጡም። ሙሄ አቤት ሲል ማንም እንዳልዋሸው በትሕትና ተነገረው፤ በልኩ ተገልጾለታል።

ማክሰኞ ጠዋት ጦይባ የልክ ባለሙያው ቢሮ ገባች። አቶ ደምሰው ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ደግ ሰው ነው፤ ለሰው መጥፎ ወሬ ሲነግር መነጽሩን ያወልቃል። ያን ዕለት ገና ስትገባ አወለቀ።

«ወይዘሮ ጦይባ፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«አልቀመጥም። ልጄ እንዴት ሁለት ትሆናለች?»

ልኩ የሚታይበትን ሰሌዳ ወደ እሷ አዞረላት። «ይኸው፣ ራስዎ ይዩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓይኗ ከገጿ አርባ አንድ ጊዜ ተነስቷል። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ስትቃብዝ ነው የምትውለው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ገጽ በወጉ ጨርሳለች ለማለት ይከብዳል።»

«አብረዋት የሚቀመጡትስ?»

«እነሱማ ሌላ ናቸው!» አለና ፊቱ በራ። «አምስቱም ስድስትና ሰባት ናቸው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ አይቼ አላውቅም። ከማል የሚባለውማ፣ ዓይኑን ከገጹ ነቅሎ አያውቅም።»

ከማል የጎረቤቷ ልጅ ነው፣ ግድግዳ የሚጋሩት። ፊደል ፊቱ ላይ ይጨፍርበታል፤ የሱቅ ስም አንብብ ቢሉት እንኳ ያልበዋል። እሱ ሰባት ከሆነ ሌላ የሚያነብለት ሰው አለ ማለት ነው። ጦይባ ያኔ ገባት፤ እዚያው ተቀመጠች።

አንድ ለአምስት የአያቶች ዘመን ነገር ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ ይቀመጣል፣ ያግዛቸዋል፤ ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ የለም፣ ማንም ደግሞ ተነስቶ ይቅር አላለም። ጥቁር ሰሌዳው ሄደ፣ መጽሐፉ ሄደ፣ መምህሩም አፉን ያዘ፤ አንድ ለአምስት ግን ክፍሉ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። ቤተ መጻሕፍቱን የሠሩት ሰዎች ይህን ከየት ይወቁት? አንድን ልጅ ከነገጹ ለብቻው ነው ያሰቡት። ነጃት የጠረጴዛዋ መሪ ናት። የአምስቱን ገጽ በየተራ እያየች በሹክሹክታ ስታነብላቸው፣ እነሱ ዓይናቸውን የየራሳቸው ገጽ ላይ ተክለው ይሰማሉ። የምትንከራተተው ዓይን የእሷ ብቻ ናት።

«አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ» አለ አቶ ደምሰው፣ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ። «ይመረመራል፣ ይስተካከልላታልም። ግን ቅጹ አንድ ነገር ይጠይቃል። ዓይኗ ከገጿ ሲነሳ የማን ገጽ ላይ አረፈ? ይላል። ስማቸውን መጻፍ አለብዎት። በሌላ ሰው ዓይን ያነበበ ልጅ ደግሞ ልኩ ይሰረዛል። አንድም አይሆን፣ ሁለትም አይሆን። ምንም አይከፈትለትም።»

«አምስቱም?»

«አምስቱም። እኔ ምንም አልሰማሁም ወይዘሮ ጦይባ። ሄደው ያስቡበት።»

ማታ ራት ቀርቦ ማንም አልነካውም። ጦይባ ልጇን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ነጃት፣ ክፍል ውስጥ ዓይንሽ የት ነው የሚውለው?»

ልጅቷ አላንገራገረችም። «እነሱ ገጽ ላይ። መጀመሪያ ለከማል አነብለታለሁ፣ ከዚያ ለሌሎቹ። የራሴን መጨረሻ ላይ ነው የማየው፣ ጊዜ ከተረፈ።»

«ማነው አንብቢላቸው ያለሽ?»

«አንቺ ነሻ! መስከረም ላይ መሪ ስሆን፣ እዚሁ ቁጭ ብለን፣ ‹ቡድንሽን አደራ፣ አንዱንም ወደ ኋላ እንዳትተዪ› አላልሽኝም?»

ብላለች። ይህ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የልጇን ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየች አልፋለች፤ በዚያ ዝም ባለ ክፍል ውስጥ አንድ የሚያስተምር ሰው አለ ብላ በልቧ ኮርታለች። 

ሙሄ ወደ ጦይባ ዞረ። «አቤቱታውን ጻፊ።»

«አምስት ልጅ ይጠፋል፣ ሙሄ። የከማልን እናት ጠዋት ጠዋት በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ምን እንደምፈራ ልንገርሽ። የተቆረጠብኝን አላውቀውም። ምን እንደጎደለኝ ባውቅ ሰው ጠይቄ እሞላው ነበር። ጎድሎም ሙሉ ነው የሚመስለኝ። ሁለት መስመር አነብና ‹በቃ፣ ይኸው ነው› ብዬ እነሳለሁ። የእማዬንም እንዲሁ አንብቤ ነው የተነሳሁት። ልጄ እንደኔ ስትነሳ ማየት አልችልም።»

«እኔ እያለሁ ማን ያታልላታል? እያነበብኩላት …»

«አንቺ እስካለሽ» አለ ሙሄ።

 ነጃት ጣልቃ ገባች። «ሐሙስ ዓይኔን ካላነሳሁ ሰባት አመጣለሁ። ወላሂ አመጣለሁ። የዚያን ቀኑ አርባ ደቂቃ ከዓመቱ ይበልጣል ብለውናል። ግን እኔ ዝም ካልኩ ከማል ምን ይሆናል? አላደርገውም፣ እማ። እሱ እያለቀሰ እኔ ማንበብ አልችልም።»

ጦይባ ልጇን ስታያት አንድ ሐሳብ መጣላት፤ በጣም ቀላል ስለነበር እስከዚያ አለማሰቧ ገረማት። ክፍሉ ዓይን እንጂ ድምፅ አይቆጥርም። በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ የማይለካ ዓይን አንድ ብቻ አለ፤ የእሷ የራሷ።

«አንቺ የራስሽን ታነቢያለሽ» አለች። «ለእነሱ እኔ አነብላቸዋለሁ። ከኋላቸው ቆሜ፣ ልክ እንዳንቺ፣ በሹክሹክታ። ማንም አያውቅም።»

«ከታወቀ ከሥራ ያባርሩሻል» አለ ሙሄ።

«ያባርሩኝ! ታብሌት መወልወል ይቀርብኛል?»

ነጃት ሳቀች። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው እጇን ዘርግታ የእናቷን እጅ ጨበጠች። «ቃል ገብተሻል» አለች። ረቡዕ ማታ አብረው ተለማመዱ፤ ነጃት የቤቱን ታብሌት ይዛ ስታነብ፣ ጦይባ ከኋላዋ እየተንጎራደደች ሌላ ነገር አነበበች። ልጅቷ አንድም ጊዜ ቀና አላለችም። የእናቷ የንባብ ድምፅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የለመደችው ነው፤ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ያህል እንኳ አይረብሻትም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ የስድስተኛ «ለ» በር ተዘጋ። የዚያን ቀን ሕጉ ጠንከር ይላል። ዓይን ከገጽ ተነስቶ አሥር እስኪቆጠር ካልተመለሰ ገጹ ይዘጋል፣ ተመልሶም አይከፈትም፤ የልጁ ልክ እስከዚያ ባነበበው ብቻ ይቆረጣል። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ ገና ሳይጀመር ላብ አጥምቋቸዋል። አንዷ አንገቷን እንዳታዞር ሻሿን አጥብቃ አስራለች። ግድግዳው ላይ ሠላሳ ስድስት ወጣ፣ ፀና።

ነጃት አንገቷን ደፍታ ጀመረች። ጣቷ ገጽ ሲገልጥ ጦይባ ከሩቅ አየችና ልቧ ረጋ አለ። ከማል ግን ከመጀመሪያው መስመር አላለፈም። ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ጆሮውን ወደ ነጃት አዘነበለ፤ ነጃት ዝም አለች። የልጁ አገጭ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌሎቹ አራቱም ተራቸውን እየጠበቁ ገጻቸው ላይ አፍጥጠዋል።

ጦይባ ከኋላው ሄዳ ጎንበስ አለች። የልክ ሰባት ገጽ ነው፤ የተጨናነቀ፣ ረጅም። «አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር» ብላ በሹክሹክታ ጀመረች። «ሐይቁ በየዓመቱ ከደጁ እየራቀ ይሄዳል፤ እሱም በየዓመቱ ጀልባውን እየጎተተ ይከተለዋል …»

ያላሰበችው ነገር ይህ ነበር። የነጃት ሹክሹክታ የልጅ ሹክሹክታ ነው፤ ጆሯቸው ለምዶታል፣ ቀና አያሰኝም። እነዚህ ልጆች ግን ትልቅ ሰው ክፍል ውስጥ ሲያነብ ሰምተው አያውቁም። ስምንት ዓመት የተዘጋ ድምፅ ደግሞ ልክ አያውቅም፤ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ተጠረገና የድሮው ሆኖ ወጣ። ከማል ፊቱን አዙሮ አያት። አጠገቡ ያለችው አየቻት። የሚቀጥለው ጠረጴዛ ዞረ። ሠላሳ አንድ፣ ሃያ አራት፣ አሥራ ሁለት።

ጦይባ ቁጥሩን አይታለች። ማቆም ነበረባት። ግን ሃያ አራት ልጅ ፊቷን እያያት ነበር፣ አፏን እየጠበቀ፤ እሷም፣ አላህ ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት። ስምንት ዓመት ማንም ልጅ ፊቷን አይቶ አያውቅም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች። «አንድ ቀን ጠዋት ሐይቁ ጭራሽ ከዓይኑ ተሰወረ» አለች፣ ሹክሹክታውን ረስታ።

ያኔ የመጀመሪያው ገጽ ተዘጋ። ታብሌቱ ጠቆረ፣ ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ሁለተኛው። ደስታዋ ድራሹ ጠፋ።

«ወደ ገጻችሁ!» አለች። በእጇ ታብሌታቸውን ጠቆመቻቸው፤ እጇን አዩት። የአንዱን ልጅ አገጭ ይዛ ወደ ታች ጎንበስ አደረገችው፤ እስክትለቀው ጠብቆ ቀና አለ። እዚህ ሲጠቁር እዚያ ሲጠቁር፣ ገጾቹ በየጠረጴዛው ይዘጋሉ። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ሆነ። ያ አንዱ ነጃት ናት፤ ድምፁን የለመደችው፣ አንገቷን እንደደፋች፣ ገጽ እየገለጠች።

«አትዩኝ!» አለች ጦይባ። በጮኸች ቁጥር ይበልጥ አዩዋት። ፍርሃቱ ከቁጥጥሯ ወጣ። «አትዩኝ፣ ልጆች! በአላህ፣ እኔን አትዩኝ!»

ነጃት የእናቷን የንባብ ድምፅ ታውቃለች። ይህን ድምፅ ግን ሰምታው አታውቅም። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ቀና አለች።

«እማ?»

«ጎንበስ በይ! ነጃት፣ ወደ ገጽሽ!»

ልጅቷ የእናቷን እጆች ሲንቀጠቀጡ አየች። ተነስታ መጣችና ወገቧን እቅፍ አደረገቻት። «አብሽሪ፣ እማ። ምን ሆንሽ? አለሁ፣ አብሽሪ።»

«ተመለሺ! ሂጂ፣ ተቀመጪ!» ጦይባ ገፋቻት። ልጅቷ ግን የምትንቀጠቀጥ እናቷን ትታ የምትሄድ ዓይነት አልነበረችም፤ ይበልጥ አጥብቃ ያዘቻት። ጦይባ በልጇ ራስ ላይ አሻግራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገጽ እያየች በልቧ ትቆጥር ጀመር። ስድስት ላይ እየጎተተች ልትወስዳት ሞከረች። ስምንት ላይ ወንበር አደናቀፋት። ደርሳ ታብሌቱን አንስታ የልጇ ፊት ላይ ስታቀርበው መስታወቱ ጥቁር ነበር።

ግድግዳው ላይ ዜሮ ይላል። ሠላሳ አምስት ልጅ ታብሌቱን ወዲያ ብሎ ያያታል። ልኩ እንደተቆረጠበት የገባው አንድም የለም።

ከማል እጁን አወጣ። «ቲቸር» አለ፣ «ከዚያስ?»